ግሽ ዓባይ በእግር፦ ስለ ምንጩም ስለ እግራችንም የተሳሳትነው

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያደገን ወጣት «ወደ ግሽ ዓባይ በእግር እንሂድ» ብትሉት የመጀመሪያ መልሱ «መኪና እያለ ለምን?» የሚል ነው። ያው ልጅ ማታ ስልኩን ከፍቶ፣ ሰዎች ቦርሳ አዝለው በሜዲትራኒያን ደሴቶች ገደል ሲወርዱ፣ መኪና ከማይደርስበት ጭር ያለ የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ በቅናት ያያል። በቀርጤስ ደሴት ሰማርያ የሚባለውን ሸለቆ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ወርዶ ባሕሩ ዳር ለመድረስ በየዓመቱ ብዙ ሰው ይጎርፋል። የእኛው ዓባይም የሚወርደው ወደዚያው ባሕር ነው። እነሱ ወደ ውሃው መጨረሻ ይወርዳሉ፤ ወደ መጀመሪያው የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ያለው በእኛ ደጃፍ ነው።

ይህን መንገድ እወደዋለሁ። በዙሪያው የሚነገሩት ስሕተቶች የሚያንገበግቡኝም ስለምወደው ነው። አንዳንዶቹ ማንንም አይጎዱም። አንዳንዶቹ ግን እግር ያሳጣሉ።

«የእግር ጉዞ የፈረንጅ ነገር ነው»

ጥር 13 ቀን ግሽ ዓባይ ባለችበት በሰከላ የዋለ ሰው ይህን አይልም። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ሲደርስ ከቋሪት፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከአዊ ወረዳዎች አዛውንቱ በትሩን ይዞ፣ ሴቱ ጀሪካን አዝሎ፣ በሶና ቆሎ ቋጥሮ ይነሣል፤ ሌሊቱን ሲጓዝ የሚያድርም አለ። ስፖርት ብሎ የሚጠራው የለም እንጂ፣ በመላው ጎጃም ከገበያና ከንግሥ ጋር አብሮ የኖረ ጉዞ ነው።

ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ እስከ ግሽ በአየር መስመር ቢለካ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በጠመዝማዛው የእግር መንገድ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ግሽ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መንገዱ በጠቅላላው ዳገት ነው፤ የከተማ ልጅ ሁለት ቀን ይያዝለት። በመኪና የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በቲሊሊ በኩል ነው የሚታጠፈው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ማገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሣ መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ፣ የሚቀበል ዘመድ ወይም ወዳጅ ሳይኖር አይነሡ። ምንጩ የትም አይሄድም፤ ይጠብቃል።

«ምንጩን ያገኘው ጀምስ ብሩስ ነው»

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ካህን ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ 152 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ብሩስ የቀዳሚነት ክብሩ እንዳይነካበት የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ደክሟል።

እኔን የሚያሳዝነኝ የሁለቱ ፉክክር አይደለም። ብሩስ ራሱ የአካባቢው አገው ለምንጩ ከብት እንደሚሠዋ፣ የምንጩ አገልጋይ የሆነ የተከበረ ሰው እንዳለ ጽፎልናል። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ የተቀበለው እንግዳ ቤቱን «አገኘሁት» ሊል አይችልም። ይህን ስሕተት ፈረንጁ ቢጽፈው አይደንቅም፤ ለእኛ ልጆች እኛው መልሰን ስንነግራቸው ግን ያማል።

«ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ፣ ሳይቀላቀል ያልፋል»

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ አነጋገሩን ዛሬም እወደዋለሁ። መነሻውም ባዶ አይደለም። በክረምት ከግሽ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ደለሉን ይዞ ጣና ውስጥ ሲገባ፣ የደፈረሰው ውሃ ከሐይቁ ውሃ ተለይቶ ሩቅ ድረስ ይታያል። በታንኳ የሚሻገር ሰው ይህን በዓይኑ አይቶ «አልተቀላቀለም» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃን ነፋስ ከታች እስከ ላይ ያማስለዋል። ጉማራ፣ ርብና መገጭም ይገቡበታል። የገባው ውሃ ባሕር ዳር ላይ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት ሐይቁ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙውም ሳይወጣ በፀሐይ ይተናል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከፊሉ በጣና በለስ ማመንጫ ዋሻ በኩል ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ እምነት አለ፤ የዓባይ ውሃ በሙሉ ከግሽ የሚወጣ ይመስለናል። ግሽ የደረሱ ሰዎች ምንጩን አይተው «ይኸው ብቻ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ፏፏቴ ጠብቀው መጥተው የሚያገኙት ጨፌ መሬት ላይ፣ ሣር መሐል፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚፈልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ዓባይ የአገራችንን ድንበር ሲሻገር በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከጣና የሚወጣው ከ10 በመቶ በታች ነው። ቀሪውን በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎቹ ገባሮች ያመጡታል። ጉባ ላይ በሕዳሴ ግድብ የተጠራቀመው ውሃም አብዛኛው የእነሱ ነው።

የእኛ ሰፈር ወንዞችም ከእነሱ መሐል ናቸው። በፍኖተ ሰላም ጥግ የሚያልፈው ላህ ወደ ብር ይገባል፤ ብር ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በቡሬ በኩል ፈጣም፣ በደምበጫ በኩል ተምጫ እንደዚሁ። ስለዚህ ወደ ዓባይ ምንጭ የሚጓዝ ሰው ገና ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ የሚሻገረው ውሃ ራሱ ዓባይ ነው። በመሐል ያለውን ደጋ ሲወጣ ደግሞ የውሃው አቅጣጫ ይለወጣል። ከሸንተረሩ ወዲህ የወደቀው ዝናብ በእነላህ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወዲያ የወደቀው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ይሄዳል። ያ ወደ ሰሜን የሄደው ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ በደቡብ ሲመጣ በሸለቆው ውስጥ ከወንድሙ ጋር ይገናኛል። እዚያ ሸንተረር ላይ ቆሜ ሁለቱንም አቅጣጫ ሳይ የሚሰማኝ ከምንጩ ዳር ከሚሰማኝ አያንስም። ይህን ደግሞ መኪና አያሳይም።

ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ የሚለውን ትውፊት ግን ከስሕተት ጋር አልቆጥረውም፤ የእምነት ነገር በሜትር ኩብ አይለካም። መንገደኛው ሊያውቀው የሚገባው ሥርዓቱን ነው። ምንጩ ጠበል ነው፤ ወደ እሱ የሚቀረበው እህል ሳይቀመስ ነው። ጎብኚ ነኝ ብሎ ቁርሱን በልቶ የመጣ ሰው ከቅጥሩ ቢመለስ ቅር አይበለው።

«የጠራ ውሃ አያሳምምም፤ ወራጅ ውሃ ራሱን ያነጻል»

በመንገድ ላይ የሚታየው ውሃ ሁሉ ያስጎመጃል፤ ከድንጋይ ሥር ኩልል ብሎ ይወጣል። ከላይ ግን ከብት ይጠጣል፣ ሰው ይጸዳዳል፤ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንም በዓይን አይታዩም። ለመንገድ የሚጠጣውን ውሃ ከቤት ይዞ መነሣት፣ ካለቀ የውሃ ማከሚያውን ውሃ አጋር መጨመር ወይም ማፍላት ነው። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በግሽ ከፍታ 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ስለዚህ መንተክተኩን አይቶ ወዲያው ማውረድ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል።

ቢልሃርዚያን በተመለከተ ሰው የሚፈራው መጠጣቱን ነው፤ መንቦጫረቁን አይፈራም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትሉ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ውስጥ እየዋኘ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ጉልበት ድረስ ገብቶ ጥቂት መቆየት ይበቃዋል። የቆላ በሽታ ብቻም አይደለም። በአገራችን እስከ 2,200 ሜትር ድረስ ባለው ወይና ደጋ ይገኛል፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በዚህ ከፍታ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ወንዝ ዳር የተኛውን፣ ሣር የበዛበትን ዝግ ያለ ውሃ ለዋና አይምረጡት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ይህን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ያገኘው ደግሞ የእኛው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ምርምሩን የጀመረው ከዚያ ነው። የእናቶቻችን ሳሙና ነበር፤ ያስተዋለ ዓይን ነው የጠፋው።

ሰማዩ እኛ ዘንድ ጠርቷልና ወንዙ አይሞላም ብሎ መሻገርም ሰው ይበላል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከወዲያ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ደጋ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥልም የሚሉም ተሳስተዋል፤ ከፍ በተባለ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ይበረታል። ባርኔጣ ወይም ነጠላ አይቅር።

«ዝሆኔ እርግማን ነው፤ ወይም እባብ መርገጥ ነው»

ጽሑፉን ያስጀመረኝ ይህ ነው። በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ እግራቸው ያበጠ ገበሬዎችና እናቶች ሳያይ አይውልም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ከተመረመሩት ከ50,000 በላይ ጎልማሶች ውስጥ 3.3 በመቶው ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከ100 ሰው ከሦስት በላይ ማለት ነው። አንዱ እርግማን ይለዋል፤ ሌላው እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው ብርድና ጤዛ ያስባል። «ይተላለፋል» ብለው ማዕድ የሚለዩ አሉ፤ «በዘር ነው» ብለው ልጅ የሚከለክሉም አሉ።

ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ እብጠት ከቢምቢ የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም ፈጽሞ አይተላለፍም። ምክንያቱ አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ፣ ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ይዘጋሉ። ይህን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው በሰፊው ያስረዳው። በዘር ነው የሚሉት ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ለአፈሩ የተጋለጠ ተፈጥሮ በቤተሰብ ይወረሳል። ነገር ግን የወረሰውም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በሽታው አይነሣበትም። ይህን እያወቅን ልጅቱን ከመከልከል ይልቅ ጫማ መግዛት የሚከብደን መሆኑ ያስቆጫል።

ለተጀመረውም መፍትሔ አለው። ጠዋትና ማታ በሳሙና መታጠብ፣ የጣቶች መሐልን ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከጫማ አለመለየት። ገና በጅማሬው ከተያዘ እብጠቱ በጣም ይቀንሳል።

«ወደ ጠበል በባዶ እግር መሄድ ነው የሚገባው» ለሚሉኝ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ጫማ የሚወልቀው በደጀ ሰላሙ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ቀድሞ አይደለም። ሙሴም ጫማውን ያወለቀው ቁጥቋጦው ዘንድ ሲደርስ ነው። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፤ እግር የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ደግሞ ከኮንጎ ይሻላል።

ባለፈው ስሄድ ከቅጥሩ በር ውጭ ጫማዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ አብዛኛው ኮንጎ ነው፣ ጭቃው ገና አልደረቀም። አንዲት እናት ጠበላቸውን ይዘው ወጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጠበሉን ጀሪካን አልነኩትም። ከቤት ባመጡት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ እግራቸውን በሳሙና አጠቡ፤ በአሮጌ ጨርቅ የጣቶቻቸውን መሐል አንድ በአንድ አደረቁ፤ ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ።

«እናቴ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት፣ ልጄ። እሷ ሳትመጣ ይቺ እግሬ እንዲህ አክላ ነበር» አሉኝና በሁለት እጃቸው ስፋቱን አሳዩኝ። ከዚያ ጀሪካናቸውን አዝለው፣ በትራቸውን አንሥተው፣ ወደ ቋሪት በሚወስደው መንገድ ቀድመውኝ ነጎዱ።