ነጥቡ ጠፋ ማለት ዓሣው ዳነ ማለት አይደለም

በ2003 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው «ፋይንዲንግ ኒሞ» ፊልም ብርቱካንማ ገላውን በነጭ መቀነት የከፋፈለውን ክላውንፊሽ ለዓለም አስተዋወቀ። ይህ ትንሽ የባሕር ዓሣ በጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ለጌጥ ከሚያዙት ዓሦች መካከል ዛሬም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ባለቤቱን ክፉኛ የሚያስደነግጠው ደግሞ አንድ ቀን ምግብ ሊሰጠው ሲጠጋ ክንፉ ላይ የሚያየው ነጭ ነጥብ ወይም ጉጥ ነው።

ድንጋጤው ብዙዎችን ወደ መድኃኒት ያስሮጣቸዋል። ቆዳ ላይ የሚወጣው ነገር ግን መንስኤው አንድ አይደለም፤ አንዱን የሚፈውሰው መድኃኒት ለሌላው ምንም ላይረባ፣ ጭራሽ ዓሣውን ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማየት ያስፈልጋል፦ የነጥቡን መጠን፣ የተዛመተበትን ፍጥነትና የዓሣውን አተነፋፈስ።

ነጭ የሆነ ሁሉ በሽታ አይደለም። ከፓምፕ የሚወጡ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችና የአሸዋ ቅንጣቶች ቆዳው ላይ ይጣበቃሉ፤ ዓሣው ሲዋኝ ግን ይረግፋሉ። ቢጫው ታንግ የተባለው ዓሣ ደግሞ በጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ነጭና ስለታም እሾህ አለው። መከላከያው ነው እንጂ ሕመም አይደለም።

ጉጡ ተለቅ ያለ፣ ወጣ ገባና እንደ አበባ ጎመን የተሰባሰበ ከሆነ ሊምፎሲስቲስ የተባለው የቫይረስ በሽታ ይጠረጠራል። ቫይረሱ የቆዳውን ሴሎች እያሳበጠ አንድ ሴል ብቻውን በዓይን እስኪታይ ድረስ ያተልቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከክንፍ ጫፍ ወይም ከአፍ ዙሪያ ሲሆን፣ የሚያድገውም በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው። ዓሣው እየበላና እየዋኘ ይቆያል። ለዚህ በሽታ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ደግነቱ ውሃው ንጹሕ፣ ምግቡ የተሟላ፣ ጎረቤቶቹም የማያባርሩት ከሆነ ጉጡ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይረግፋል። በመቀስ መቁረጥ ለሌላ ቁስል በር ይከፍታል። አፉን ዘግቶ መብላት ከከለከለው ግን ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው።

ነጥቦቹ ጥቃቅን፣ ተመሳሳይና የተነሰነሰ ጨው የሚመስሉ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይከብዳል። የዚህ በሽታ አምጪ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ ባለአንድ ሴል ጥገኛ ተህዋስ ነው። ቆዳና ስንጥብ ሥር ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገብና ዓሣውን ለቅቆ ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። እዚያ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ እየተከፋፈለ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ዋናተኞችን ያወጣል። እነዚህ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

ብዙ ባለቤቶችን የሚያሳስታቸው ይህ ዑደት ነው። ማክሰኞ ክንፉን የሞላው ነጥብ ዓርብ ላይ የለም፤ «መድኃኒቱ ሠራ» ተብሎ ይታመናል። ተህዋሱ ግን አሸዋው ውስጥ እየተራባ ነው፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በብዙ እጥፍ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ስንጥቡ ስለሚጎዳ ዓሣው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ገላውን ድንጋይ ላይ ያሻል፣ ምግብም ይተዋል።

በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኤላት ተመራማሪው አንጄሎ ኮሎርኒ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ዑደት በእርባታ ዓሦች ላይ አጥንቷል። በ1985 ባሳተመው ሥራ የውሃውን ጨው በሺህ ወደ 10 እጅ ገደማ ዝቅ አድርጎ ለ3 ሰዓት ማቆየትን፣ ይህንንም በየ3 ቀኑ አራት ጊዜ መድገምን እንደ ሕክምና አቅርቧል። የተለመደው የባሕር ውሃ ጨው በሺህ 35 እጅ ገደማ ነው። ዛሬ የቤት አሳዳጊዎች የሚሠሩበት አንዱ መንገድ ከዚሁ የዑደት እውቀት የመጣ ነው፦ ዓሣውን በየ3 ቀኑ ወደ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ወደቆየ ሌላ ገንዳ ማዛወር። ተህዋሱ ወርዶ እንደገና ከመፈልፈሉ በፊት ዓሣው ቦታውን ይለቅቃል።

ሌላው የታወቀው ሕክምና መዳብ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም የሚሆን ነፃ መዳብ ለሳምንታት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት፤ ከዚህ ሲያንስ ተህዋሱን አይገድልም፣ ሲበዛ ዓሣውን ይመርዛል። በሌላ መልክ የተዘጋጁ የመዳብ መድኃኒቶች መጠናቸው የተለየ ስለሆነ የሚታመነው በራሳቸው ጽሑፍ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የመዳብ መለኪያ ሳይገዙ መድኃኒቱን መጀመር አይገባም። መዳብ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ስለሚገድል፣ ድንጋይና አሸዋም ስለሚመጥጡት፣ ሕክምናው የሚካሄደው ባዶ በሆነ ለብቻው ገንዳ ነው። ዋናው ገንዳ በበኩሉ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆያል፤ ጥንቃቄ የሚያበዙት 76 ቀን ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የከፋው ነጥቡ ለመታየት የሚያዳግተው በሽታ ነው። አሚሎኦዲኒየም የተባለው ተህዋስ ቆዳው ላይ የደቀቀ ወርቃማ ወይም ግራጫ ብናኝ ይመስላል። ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ ከጎን ቢበራበት ይለያል። አስቀድሞ የሚያጠቃው ስንጥብን ስለሆነ ዓሣው ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ማለክለክ ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ገንዳውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። መዳብ ይሠራበታል፤ ጨው መቀነስ ግን አያስተማምንም። ሁለቱን በሽታዎች አለመለየት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ቢጫ ታንግ ላይ የሚወጡት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ደግሞ ከትንሽ ጠፍጣፋ ትል ይመጣሉ። ሙቀቱና ፒኤች መጠኑ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ፣ ክሎሪኑ ወጥቶለት፣ ለጥቂት ደቂቃ መንከር ትሉን ያራግፈዋል፤ ከዚያ ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ይከተላል።

ለሰው የሚያሰጋውም አለ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ በ1926 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ከነበረ አኳሪየም ዓሦች ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በተቧጨረ እጅ ገብቶ ለወራት የማይድን እብጠት ያስከትላል። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ሳያደርግ እጁን ገንዳ ውስጥ ማስገባት የለበትም፤ እብጠት ከወጣበትም ዓሣ እንደሚያሳድግ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

አብዛኛው በሽታ ወደ ቤት የሚገባው ከአዲስ ዓሣ ጋር ነው። ስለዚህ ከሱቅ የመጣ ዓሣ ማጣሪያና ማሞቂያ ባለው፣ አሸዋና ድንጋይ በሌለው፣ ለመደበቂያ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ በተቀመጠበት ትንሽ ገንዳ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በእነዚህ ሳምንታት በየቀኑ የሚታየው አመጋገቡ፣ አተነፋፈሱና ክንፉ ነው። መረቡና ባልዲውም ከዋናው ገንዳ ዕቃዎች ጋር አይቀላቀሉም፤ እርጥብ መረብ ብቻውን ተህዋሱን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ለማሻገር ይበቃልና።