አንድ ዘፈን ለአንድ ጆሮ

መርካቶ፣ የስልክ መለዋወጫና የማዳመጫ ሱቆች በተደረደሩበት ፎቅ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ንግግር ተመሳሳይ ነው፦ «ብሉቱዙን አብራው፤ አሁን ፔር አድርገው፤ ይኸው ገባ!» ሻጩ ማዳመጫውን ከእሽጉ አውጥቶ ያስሞክራል፤ ዘፈኑም ያለ ገመድ ከስልኩ ወደ ገዥው ጆሮ ይገባል። ጎን ያለው ሱቅ በዚያው ቅጽበት ስፒከር ይሞክራል፤ ፊት ለፊት አንዷ የእጅ ሰዓቷን ከስልኳ ጋር ታገናኛለች። የሁሉም ሞገድ የሚመላለሰው በአንድ ጠባብ ክልል ነው። ታዲያ ዘፈኑ ከሌላው ሳይደባለቅ ባለቤቱን እንዴት ያገኛል?

የመጀመሪያው ፍንጭ የብሉቱዝ ጉልበት ማነስ ነው። ቴክኖሎጂው ሲወጣ እንዲህ ላሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የተለመደው የኃይል ጣሪያ 2.5 ሚሊዋት፣ የሚደርሱበትም ርቀት 10 ሜትር ገደማ ነበር። የቀድሞ ሞባይሎች ከኔትወርክ ማማ ጋር ሲነጋገሩ እስከ 2 ዋት ያወጡ ስለነበር ልዩነቱ 800 እጥፍ ነው። ራቅ ያለ ማዳመጫ እኛን አይረብሸንም ማለት ነው። ነገር ግን መርካቶ ውስጥ 10 ሜትር ስንት ሱቅ፣ ስንት ሰው ይይዛል! መልሱ ገና አልተሟላም።

ሁለተኛው ፍንጭ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው የሞገድ ክልል እንደ ማይክሮዌቭ ምድጃ ላሉ መሣሪያዎች የተተወ፣ ጫጫታ የበዛበት ስለነበር ለመገናኛ ብዙም አይፈለግም ነበር። በ1985 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህን ክልል ያለ ፈቃድ ለመገናኛ መጠቀም እንዲቻል በሩን ከፈተ። ቅድመ ሁኔታው ግን ማንም በአንድ ቦታ ተተክሎ ሌላውን እንዳያፍን፣ ሞገዱን በሰፊው እንዲበትን የሚያስገድድ ነበር።

በ1994 ሆላንዳዊው መሐንዲስ ያፕ ሃርትሰን፣ ስዊድን ሉንድ ከተማ በሚገኘው የኤሪክሰን ቅርንጫፍ፣ ስልክንና ማዳመጫን ያለ ገመድ የማገናኘት ሥራ ተሰጠው። በማግስቱ ዓመት ስቬን ማቲሰን ተቀላቀለው። የመረጡት መንገድ ጩኸትን በጩኸት መብለጥ አልነበረም፤ ቦታ መቀያየር ነበር። ሐሳቡ ሥር ነበረው። በ1942 ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጠላት የቶርፔዶ መቆጣጠሪያ ሬዲዮን እንዳያፍን፣ ላኪና ተቀባይ በ88 ሞገዶች መካከል አብረው የሚዘሉበትን ዘዴ በፓተንት አስመዝግበዋል።

ብሉቱዝ ክልሉን 79 ጠባብ መስመሮች አድርጎ ከፈለው። ስልኩና ማዳመጫው በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ከመስመር ወደ መስመር ይዘላሉ። ቀጣዩ መስመር የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው በመሪው መሣሪያ፣ ማለትም በስልኩ መለያ ቁጥርና ሰዓት ነው፤ ማዳመጫው ሲገናኝ የሚቀበለው ይህንን ነው። መርካቶ የገቡ ወንድማማቾች «መጀመሪያ ምናለሽ ተራ፣ ቀጥሎ ቦምብ ተራ፣ ከዚያ ሚሊተሪ ተራ» ብለው አስቀድመው ቢቀጣጠሩ በሕዝብ መሀል እንደማይጠፋፉት ነው። ጎረቤት ያለው ጥንድ የራሱ ቀጠሮ ስላለው፣ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ቢጋጩ እንኳ ግጭቱ የሚቆየው ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ብቻ ነው። የጠፋችው ቁራጭ መረጃም ዳግም ትላካለች።

በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ ብሉቱዝን የሚያስተባብር ማኅበር መሠረቱ። በ2003 የወጣው ስሪት ደግሞ ብልሃት ጨመረ፦ ዋይፋይ የያዛቸውን መስመሮች ለይቶ ከዝላዩ ያስወጣቸዋል። «በብሉቱዝ ላክልኝ» እየተባባልን ዘፈንና ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ካርድና ያለ ኢንተርኔት ስንለዋወጥ የኖርነው በዚህ ጥበብ ነው። በ2010 የመጣው ኃይል ቆጣቢ ዘዴ ደግሞ የእጅ ሰዓቶችና የጤና መለኪያዎች በትንሽ ባትሪ ረጅም ጊዜ እንዲሠሩ አስቻለ።

ይህን ያወቀ ሰው፣ መንገድ ላይ ድምፁ ሲቆራረጥ ጥፋቱን በዙሪያው ባሉት ስልኮች ላይ ለመጣል ይቸኩል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ከልካዩ የራሱ አካል ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በውኃ ይዋጣል፤ ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ከሆነ ያ ደካማ ሞገድ ጆሮ ለመድረስ ሰውነትን ማለፍ ወይም መዞር አለበት። ግድግዳና ጣራ ባለበት ሞገዱ ተንጸባርቆ ይደርሳል፤ ሜዳ ላይ ግን የሚያንጸባርቀው ስለማያገኝ ይብስበታል። ሱቅ ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው ማዳመጫ አደባባይ ላይ የሚቆራረጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ደንበኛ ማዳመጫውን ይዞ ለቅሬታ ሲመለስ፣ ሻጩ ዕቃውን ከመለወጡ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ «ጋሼ፣ ስልክዎን የት ኪስ ነው የሚያስቀምጡት? እስቲ ወደ ሸሚዝ ኪስዎ አምጥተው ይሞክሩት።» ሠራተኛ ልጆቻችን በየቀኑ የሚሸጡትንና የሚጠግኑትን ዕቃ አሠራር ሲያውቁ ገዥው ያለ አግባብ ገንዘብ አያወጣም፤ ደህናው ማዳመጫም ተበላሸ ተብሎ አይጣልም።