ወንበሩ ተመለሰ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

ልጅ ያለበት ቤት የመኪና ወንበር የሚያየውን መከራ ወላጅ ያውቀዋል። ወተት ይደፋበታል፣ ማንጎ ይጨመቅበታል፣ ቆሎና ብስኩት ሐዲዱ ውስጥ ይገባል። በሐዋሳ ሙቀት መስኮቱ ተዘግቶ በዋለ መኪና ውስጥ የተደፋ ወተት ደግሞ እስከ ማግስቱ አይታገሥም። ላዩን በጨርቅ ጠርጎ መተው የማያዋጣበት ቀን ይመጣና ወንበሩን ፈትቶ ማውጣት ግድ ይሆናል።

እኛ በምንኖርበት በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ይህን ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው የሚሠሩ ጎረቤቶች አሉን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ተንከባክቦ ማቆየት ብልህነት ነው። ሥራውም ቢሆን ከባድ አይደለም። የፊት ወንበር ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በአራት ብሎን ነው፤ ለብዙ ቶዮታዎች 14 ቁጥር ቡሶላ ይበቃል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው የፊቶቹን ሁለት ይፈታሉ፣ ወደ ፊት ስበው የኋላዎቹን።

ጣጣው ያለው ከወንበሩ ሥር ባለችው ቢጫ ሶኬት ላይ ነው።

አንድ ጎረቤታችን ወንበሩን አውጥቶ እያጠበ ሳለ ፀሐይ ሲበረታበት መኪናውን ወደ ጥላ ለማስጠጋት ሞተር አስነሳ። ሶኬቱ ግን እንደተነቀለ ነበር። ማታ ሁሉንም ቦታው መልሶ ሲያስነሳ የኤርባግ መብራት በራ፤ አልጠፋም። ብዙ ሰው «መኪናው እስከሄደ ድረስ ምን ችግር አለው?» ብሎ ይተወዋል። መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ጉድለት መዝግቧል ማለት ነው፤ አደጋ ቢደርስ ኤርባጉ ላይፈነዳ፣ ቀበቶውን በቅጽበት የሚያጠብቀው መሣሪያም ላይሠራ ይችላል። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከነቤተሰብ ለመሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው ሶኬቱ ጠቅ ብሎ መግባቱን ማየት፣ ካልጠፋም ኮምፒውተር ወዳለው ኤሌክትሪሺያን ወስዶ የተመዘገበውን ጉድለት ማስነበብና ማስጠፋት ነው። አምፖሉን የሚነቅሉ ብልጦች አሉ፤ ከእነሱ ይራቁ።

ቀድሞ መከላከሉ ግን ይሻላል። ሶኬቱን ከመንካትዎ በፊት ቁልፉን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ከዚያ ይጠብቁ። የኤርባጉ ሥርዓት ባትሪው ከተፈታም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል፤ ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል። ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያ ይጠፋል፤ ይጥፋ። ወንበሩ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ብሎኖቹን የሚያጋልጠውን ግፊያ ባትሪው ሳይፈታ ይጨርሱት። ቢጫውን ሽቦ በቴስተር አይለኩ። የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያስተላልፍ ፈጽሞ አይንኩት።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ የለውም፤ ለእኔ የበለጠ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ወንበሩ ግራና ቀኝ በሁለት ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ጥርስ ይቆለፋሉ። ወንበሩ ውጭ ሳለ እጀታው ከተነካ አንዱ ሐዲድ ከሌላው አንድ ጥርስ ሊቀድም ይችላል። እንዲህ ሆኖ ከታሰረ ወንበሩ ይንጋደዳል፣ በአንድ ወገን ብቻ ይቆለፋል፣ ወይም ጭራሽ አይንቀሳቀስም። የቆለፈ መስሎ ያልቆለፈ የሹፌር ወንበር ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት እግር ከፍሬን ይርቃል። በሽቦ አስሮ መሄድ የሚባለውን ነገር ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ከመመለስዎ በፊት ሁለቱን ሐዲዶች እኩል ያድርጉ። ውስጣቸው የገባ ሳንቲም፣ እርሳስ፣ የኮብልስቶን አሸዋ ካለ በብሩሽ ያውጡ፤ ወፍራም ግሪስ አቧራ ስለሚሰበስብ በስሱ ይቀቡ። አራቱንም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ያስይዙ፤ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቀዳዳውን ያዛንፋል። ከዚያ መኪናው እንደቆመ ተቀምጠው በጀርባዎ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊትም ይግፉ። በተለያየ ቦታ ይሞክሩት፤ በሁለቱም ወገን ጠቅ ማለት አለበት። በአንድ በኩል ብቻ ካለ ከሥር ሁለቱን መቆለፊያዎች የሚያገናኘውን ዘንግ ይመልከቱ፤ ጎብጦ ወይም ወልቆ ይሆናል።

ወንበሩ ወጥቶ እያለ አዲስ ልብስ ለማሰፋት ካሰቡ የመደገፊያውን ጎን ይመልከቱ። «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ምልክት ከተሰፋበት የጎን ኤርባጉ የሚወጣው በዚያ ስፌት በኩል ነው። ቆዳ ልብስ ዙሪያውን ደፍኖ ከያዘው መውጫ አያገኝም። ለሰፊው ምልክቱን አሳይተው ያ ጎን ክፍት እንዲተው ይንገሩት፤ «ችግር የለም፣ ራሱ ይቀደዳል» ካለዎት ጨርቁን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ይሂዱ።