የእሳት አደጋ ሥጋት ገምጋሚዎች ከፍተኛ የሙያ ሥልጠና፤ በሐረር ኤረር በር ምሳሌነት

እሳት ማጥፋትና የእሳትን ሥጋት መገምገም አንድ ሙያ መስለው ቢታዩም ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እሳት አጥፊው የሚጠራው ቃጠሎ ከተነሣ በኋላ ሲሆን፣ ገምጋሚው የሚሠራው ገና እሳት ባልተነሣበት ቤት ውስጥ ነው። ምን ሊቀጣጠል እንደሚችል፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ደቂቃ ወዴት እንደሚዛመት፣ በውስጡ ያሉትም ሰዎች በየት በኩል እንደሚወጡ አስቀድሞ ይመረምራል፤ ሊለወጥ የሚገባውንም በጽሑፍ ያስታውቃል። የተሳካ ግምገማ ውጤቱ አንዳች ነገር አለመድረሱ ስለሆነ፣ ለዚህ ሙያ ሥልጠና የሚሰጠው ግምት ዝቅ ቢል አያስደንቅም።

ዳሩ ግን ያልሠለጠነ ገምጋሚ ጭራሽ ካለመኖሩ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ሰውን ያለ አግባብ ያዘናጋልና። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በተነሣው ቃጠሎ ለ72 ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነው የግሬንፌል ሕንፃ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ተገምግሞ ነበር። የምርመራው ጉባኤ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የገምጋሚው የሙያ ማስረጃ ከፊሉ እውነትነት የሌለው እንደነበረ አስታውቋል። ቅጹ ተሞልቷል፤ ፊርማው ተቀምጧል፤ ሥጋቱ ግን እንዳለ ነበር።

በመነሻ ደረጃ የሚሰጠው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው ይህንኑ ቅጽ መሙላትን ነው። ማጥፊያ መሣሪያ አለ ወይ? መውጫው ክፍት ነው ወይ? መንገዱ የእሳት አደጋ መኪና ያስገባል ወይ? ለአዲስ ሕንፃ ይህ ይበቃ ይሆናል። ቅጹን ይዞ በኤረር በር ወደ ሐረር ጁገል የገባ ሠልጣኝ ግን ከሞላ ጎደል ለሁሉም ጥያቄ «የለም» ብሎ ጽፎ ከመውጣት በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ኤረር በር፣ በሐረሪዎች አጠራር አርጎብ በሪ፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ኤረር ሸለቆ ያወጣል። ግንቡ የከለለው መሬት 48 ሄክታር ያህል ነው፤ በውስጡ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች 368 እንደሚደርሱ ይነገራል። በብዙዎቹ ውስጥ የተጫነ አህያ ሲመጣ እግረኛው ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፋል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እነዚህኑ መተላለፊያዎች ይዛ ስለሆነ፣ «መንገዱ ይስፋ» ብሎ የሚጽፍ ገምጋሚ ሊጠበቅ የታሰበውን ነገር አፍርሱ ማለቱ ነው። በሌላ በኩል ጥበቱን አይቶ እንዳላየ ማለፍም አይቻልም። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በሐርጌሳ የዋሄን ገበያ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ የመግቢያው ጥበትና መጨናነቅ የማጥፋቱን ሥራ እጅግ አክብዶት ነበር።

የከፍተኛው ሥልጠና ቁም ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ሊለወጥ የማይችለውን ለይቶ፣ በምትኩ ምን ሊደረግ እንደሚችል ማስላት። ለምሳሌ ነባሩ የሐረሪ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ሆኖ፣ በሩና መስኮቱ በአብዛኛው ወደ ግቢው ስለሚመለከት ወደ መተላለፊያው የሚያሳየው ደረቅ ግድግዳ ነው። እንጨት በካሬ ሜትር 12.5 ኪሎዋት ገደማ የሆነ የሙቀት ጨረር ሲያርፍበት፣ በአቅራቢያው ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ይህን ጨረር ግን ድፍኑ የድንጋይ ግድግዳ ያግደዋል። ስለዚህ ጠባቡ መተላለፊያ በራሱ እሳት አሻጋሪ አይደለም። አሻጋሪው ከጊዜ በኋላ የመጣው ነገር ነው፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ የተወጠረ ሸራና ላስቲክ፣ በር ላይ የተከመረ ዕቃ፣ በግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሸራውን በየተወሰነ ርቀት ማቋረጥ ግድግዳ ከማፍረስ ይልቅ ርካሽና የሚጠቅም መሆኑን ሠልጣኙ በስሌት ማሳየት ይኖርበታል።

የጣሪያው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። አፈር የተሸከመ የጽድ አግዳሚ በእሳት ሲያዝ በየደቂቃው 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከስላል። ወርዱም ቁመቱም 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አግዳሚ ከሥርና ከሁለቱ ጎኖች ለ30 ደቂቃ ቢነድ በየገጹ 2 ሳንቲ ሜትር ያጣና 8 በ10 ሆኖ ይቀራል፤ የመሸከም ኃይሉም ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ይወርዳል። አፈሩ ግን ክብደቱ አይቀንስም። ወደ ውስጥ ገብቶ ለማጥፋት የሚቻልበት ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። (ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ስለማያልፍ መምህራን ለክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ።)

ሦስተኛው የሰዎች ጊዜ ነው። ከቃጠሎው መነሣት እስከ ሰው ሁሉ መውጣት የሚፈጀው ጊዜ፣ ጭሱና ሙቀቱ ቤቱን ለሰው የማይቻል ከሚያደርጉበት ጊዜ ማነስ አለበት። ጀማሪ ገምጋሚ የሚለካው እስከ በሩ ያለውን ርቀት ብቻ ነው። በገበያ ውስጥ ግን ረጅሙ ጊዜ የሚያልፈው በጉዞ ሳይሆን ከጉዞው በፊት ነው፤ ነጋዴው ዕቃውን ሳያወጣ አይወጣምና። በመኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት መንገድ፣ ጨርቁም መኪናውም የሰውየው ሀብት በመሆኑ «ትተህ ውጣ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ብዙ አይረዳም። ዕቃን በጋራ መድን ማስገባት የመውጫ ጊዜን ሊያሳጥር እንደሚችል የሚያስተውል ገምጋሚ በእርግጥ ሠልጥኗል ለማለት ይቻላል።

ውኃም እንደዚሁ በግምት የሚታለፍ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ለሐረር ውኃ ከድሬዳዋ ቆላ እየተገፋ ሽቅብ እንዲመጣ ተደርጓል። ስለሆነም ገምጋሚው የቧንቧውን ግፊት በተለያየ ሰዓት ሳይለካ በቧንቧ ውኃ ላይ የተመሠረተ ምክር መጻፍ የለበትም፤ በየሰፈሩ የሚቀመጥ በርሜልና በእጅ የሚገፋ አነስተኛ ፓምፕ ይበልጥ ሊታመን ይችላል።

ለዚህ ሥልጠና የሚመረጡት እሳት አጥፊዎች ብቻ ሊሆኑ አይገባም። የግንባታ፣ የኤሌክትሪክና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የቴክኒክና ሙያ መምህራን አብረው ቢሠለጥኑ እያንዳንዱ ሌላው የማያየውን ያያል። ምዘናውም በጽሑፍ ፈተና ብቻ መሆን የለበትም። ሁለት ሠልጣኞች አንዱ ከሌላው ሳይመካከር አንድን ቤት ገምግመው፣ ልዩነታቸውን በአሠልጣኙና በባለቤቱ ፊት እንዲያስረዱ ማድረግ ይሻላል። ከ6 ወር በኋላም ወደዚያው ቤት ተመልሰው ከምክራቸው ውስጥ የትኛው እንደተፈጸመ ማየት ይኖርባቸዋል። ባለቤቱ በአቅም ማነስ ያልፈጸመው ምክር የሚቆጠረው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን በገምጋሚው ላይ ነው።