ክብደት የሚቀንሰው መርፌ፦ መጠኑ መቼ ይጨመር?

ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ቀን ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ኦዜምፒክ ተብሎ ለስኳር ሕመም፣ በ2021 ደግሞ ዊጎቪ ተብሎ ለክብደት ቅነሳ ተፈቀደ። ምግብ ስንበላ አንጀት የሚያመነጨውን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ለአንጎል ጥጋብን ይነግራል፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል።

ለክብደት ሲታዘዝ መጠኑ በደረጃ ይወጣል፦ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 1.7፣ በመጨረሻም 2.4 ሚሊ ግራም፤ በየደረጃው አራት ሳምንት ይቆያል። የመጀመሪያው መጠን ሆድን ለማለማመድ እንጂ ክብደት ለማውረድ አይደለም። አራት ሳምንት የተባለውም በምክንያት ነው። ከተወጋው ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ያለፈው ሳያልቅ አዲሱ ይደረብበታል፤ በደም ውስጥ የሚረጋው ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ገና ሙሉ ጉልበቱን አላየውም።

ስለዚህ ሐኪም መጠን ከመጨመሩ በፊት ሚዛኑን ብቻ አያይም። ማቅለሽለሹ በርዷል ወይ? ምግብና ውሃ ይረጋልዎታል? ሆድ ድርቀትስ? ሰውነት ካልለመደ ባለበት ደረጃ ተጨማሪ አራት ሳምንት መቆየት ይቻላል። ባለበት መጠን ክብደቱ እየወረደ ከሆነም ለመጨመር አያስቸኩልም። ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል መርፌውን አቁሞ ወዲያው መታከም ያስፈልጋል።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በከሚሴና በጨፋ ሸለቆ ደግሞ ረመዳንም ከስሌቱ ይገባል። መጠን በተጨመረ ሰሞን ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይበረታል። በሸለቆው ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይህ ሲታከልበት ሰውነት ይደርቃል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን መጀመርም ሆነ መጠኑን መጨመር ከጾሙ ሳምንታት ቀድሞ ይለቅ፤ ካልሆነ ከኢድ በኋላ ይደር። በአንድ መጠን ረግቶ የቆየ ሰው ብዙውን ጊዜ ለጾሙ ሲል መለወጥ አያስፈልገውም። አፍጥር ላይ ግን ጨጓራው ዘገምተኛ መሆኑን አይርሳ፤ የተደራረበ ሳምቡሳ ይከብደዋል፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ መብላት ይሻላል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ አብሮ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ ይለያል። ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን ከጾሙ በፊት በሐኪም መታየት አለበት። የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ጾሙን ማፍረስ ግድ ነው።

መርፌው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ ይሻል። ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ አስጠንቅቋል። ያልታወቀ ብልቃጥ ላይ መጠን ማስላት አይቻልም።

ለመጾም ያሰበ ሰው ሐኪሙን በረጀብ ወር መጀመሪያ ቢያማክር ይበጀዋል፤ ከፊቱ ሁለት ወር ስለሚኖር አንድ ደረጃ ለመውጣትም፣ ባለበት ለመርጋትም ጊዜ ያገኛል።