ከግጥሙ ጀርባ የነበረችው ሴት

ልጄ ከለንደን ስትደውል ብዙውን ጊዜ የምታወራኝ ስለ ልጆቿ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ግን «እማዬ፣ ያ ጆን ሌነንን ያነጋገረው የቢቢሲው አንዲ ፒብልስ አረፈ እኮ» አለችኝ። አዘንኩ። በአካል ባላውቀውም የእሱ ባለዕዳ ነኝ።

ፒብልስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ከሌነንና ከባለቤቱ ከዮኮ ኦኖ ጋር ከሦስት ሰዓት በላይ አወጋ። ሌነን ልጁን ለማሳደግ አምስት ዓመት ያህል ከሙዚቃው ርቆ፣ አዲስ አልበም ያወጣበት ሰሞን ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። እኔ ያኔ የነርስ ተማሪ ነበርኩ፤ ወሬውን የሰማነው በመኝታ ክፍላችን ትራንዚስተር ነው።

ቃለ ምልልሱን ግን የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄ ዘንድ ሄጄ ነው። ፒብልስ ሥራዎቹን በየተራ እያነሳ ከየት እንደመጡ ይጠይቃል። የበሽተኛ ታሪክ የተቀበለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዋናው ሕመም የሚነገረው ሳይቸኩሉ ለሚያዳምጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ስለወጣው «ኢማጅን» ሲነሳ ሌነን አልሸሸም። የዘፈኑ ሐሳብና ብዙው ግጥም ከዮኮ፣ በ1964 ካሳተመችው «ግሬፕፍሩት» ከተባለው መጽሐፏ የመጣ መሆኑን ተናገረ። ያን ጊዜ ስሟን ያላነሳው ራስ ወዳድነትና የወንድነት ኩራት ይዞት እንደነበር አመነ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ዮኮ የዘፈኑ ተባባሪ ደራሲ እንደምትባል ሲያስታውቅ፣ ያንኑ የሌነንን ድምፅ ለታዳሚው አሰማ።

ይህን ስሰማ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ። ልጄ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ተቅማጥ ሕፃናቱን ይጨርስብን ነበር። ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል ብንልም ለብዙዎቹ እናቶች ሊትር የሚባለው ምንም አይነግራቸውም። የጽዳት ሠራተኛችን ሰምታን ኖሮ፣ ሊትሩን በሦስት የቢራ ጠርሙስ መትራ፣ እጅ መታጠቡንም ጨምራ ዘፈን አወጣችለት። ፊደል አልቆጠረችም። እናቶቹ በሳምንት ውስጥ ሸመደዱት። ከአውራጃ የመጡ ኃላፊዎች «ማን ደረሰው?» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም አቀረቀርኩ። የምስክር ወረቀቱ በስሜ ተጻፈ፤ እሷ ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር።

ከለንደን እንደተመለስኩ ወደዚያው አገር ሄድኩ። ካረፈች ቆይታለች። ሴት ልጇን አገኘኋትና የምስክር ወረቀቱን ሰጥቼ ታሪኩን ነገርኳት። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች፤ የራሷንም ልጆች በእሱ አሳድጋለች። እናቷ የደረሰችው መሆኑን ግን አልሰማችም።

«እማዬ ሁልጊዜ የሲስተር ዘፈን ነው ትለን ነበር» አለችኝ።