አራኑይ፦ ጭነትና መንገደኛ አብረው የሚጓዙባት መርከብ

ፖሊኔዥያን በቅጡ ማወቅ የሚሻ ሰው ሺዎችን የሚጭነውን ተንሳፋፊ ሆቴል ትቶ አራኑይ 5 ላይ ይሳፈር እላለሁ። ከታሂቲዋ ፓፔቴ ተነሥታ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች የምትመላለስ፣ 126 ሜትር የምትረዝም የጭነት መርከብ ናት። ከፊት ክሬንና ኮንቴይነር፣ ከኋላ ከ200 ለሚበልጡ መንገደኞች መኝታ አላት። ሥራ የጀመረችው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ነው። ደርሶ መልሱ 12 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሰው የሚኖርባቸው ስድስቱም የማርኬሳስ ደሴቶች ሲሚንቶ፣ መኪናና የምግብ ሸቀጥ ይራገፍላቸዋል፤ በምትኩ የደረቀ ኮኮናት ይጭኑባታል። መርከቧ ስትደርስ የአገሩ ሰው ወደ ወደቡ የሚወርደው ዕቃውን ሊረከብ ነው፤ እንግዳውም ጭፈራ ከማየቱ በፊት ሥራ ያያል።

መንገደኞች በብዛት የሚያማርሩት ከደሴት እስከ ደሴት ውሃ ብቻ በሚታይበት ቀን ነው። «ዛሬ ምንም የለም» ብለው ካቢናቸው ውስጥ ይተኛሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የፖሊኔዥያ ሰዎች ትልቁ ሥራ፣ የባሕር ጉዟቸው፣ የተሠራው እዚያው ውሃው ላይ ነውና።

በእራት ገበታ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የኮን-ቲኪን ታሪክ ማንሣቱ አይቀርም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1937 ከማርኬሳስ አንዷ በሆነችው ፋቱ ሂቫ ደሴት ላይ ሲኖር ነፋሱም ሞገዱም ከምሥራቅ እንደሚመጣ አስተዋለ፤ የፖሊኔዥያ ሰዎችም ከደቡብ አሜሪካ መጡ ሲል ደመደመ። በ1947 ኮን-ቲኪ በተባለ የባልሳ ግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን የፖሊኔዥያዋ ራሮያ ደሴት ደረሰ። ድፍረቱን ማንም አይክደውም። ጉዞው ግን ታንኳው እንደማይሰጥም እንጂ ሕዝቡ ከዚያ እንደመጣ አያስረዳም። ይባስ ብሎ፣ ፖሊኔዥያውያን ነፋስ እየገፋ በየደሴቱ የጣላቸው ናቸው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ በሰው አእምሮ ውስጥ አለ።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቋንቋቸው ከታይዋን ነባር ሕዝቦች፣ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ ቋንቋዎች ጋር ይዛመዳል። አሳማው፣ ዶሮው፣ ጎደሬውና የዳቦ ፍሬው ከምዕራብ የመጡ ናቸው። ስኳር ድንች ከደቡብ አሜሪካ መምጣቱ እውነት ነው፤ እሱ ብቻውን ግን የሕዝቡን መነሻ አይለውጥም። ደግሞስ ማዕበል ያጠፋው ዓሣ አጥማጅ ሚስቱን፣ ወንድና ሴት አሳማ፣ የዳቦ ፍሬ ችግኝ ጭኖ ይጠፋል? ይህ አስቦ፣ ስንቅ ቋጥሮ የወጣ ሰው ጉዞ ነው።

በ1976 ሆኩሌአ የተባለች፣ ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን ተጋምዶ የተሠራች ባለ ሸራ ጀልባ ከሃዋይ ተነሥታ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ታሂቲ ገባች። የመሯት በማይክሮኔዥያ የሳታዋል ደሴት ተወላጅ የሆኑት ማው ፒያይሉግ ነበሩ፤ ኮምፓስም ካርታም አልያዙም። ፓፔቴ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። በ1980 ደግሞ የሃዋይ ተወላጁ ናይኖዋ ቶምፕሰን ያንኑ መንገድ ያለ መሣሪያ መሩ።

ያለ መሣሪያ መንገድ የማግኘት ዕውቀቱ እንዲህ ነው። አንድ ኮከብ ከአድማስ የሚወጣበት ቦታ በየሌሊቱ ያው ነው፤ መሪው ያን ይዞ ይጓዛል፤ ኮከቡ ከፍ ሲል በዚያው አቅጣጫ የሚወጣውን ቀጣዩን ይይዛል። አርክቱረስ በሃዋይ፣ ሲሪየስ በታሂቲ አናት ግድም ስለሚያልፉ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደተሄደ ይነግራሉ። ሰማዩ ሲደፈን አቅጣጫ የሚጠቁም ሞገዱ አለ። አንዳንዶቹ ወፎች ጠዋት ለዓሣ ወደ ባሕር ወጥተው ማታ ወደ የብስ ስለሚመለሱ፣ አመሻሹ ላይ የሚበሩበት አቅጣጫ መሬቱን ይጠቁማል።

ሞገዱን አራኑይ ላይ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ሰገነቱ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ዓይኔን ስጨፍን፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ተራ መወዛወዝ ነበር። ቆይቶ ግን ሁለት ነገር ተለየልኝ፦ ከጎን ቶሎ ቶሎ የሚመታ አጭር ሞገድ፣ ከሥሩ ደግሞ መርከቧን ቀስ አድርጎ የሚያነሣ ረጅም ሞገድ። አጠገቤ ገመድ ይጠቀልል የነበረ የማርኬሳስ ተወላጅ መርከበኛ ሁኔታዬን አይቶ ቁጭ አለ፤ የረጅሙን ሞገድ አመጣጥ በእጁ አሳየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ግዙፎቹ መርከቦች እንግዳው እንዳይወዛወዝ ስለሚለፉ ይህን ትምህርት ይነፍጉታል።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ሂቫ ኦአ ላይ የሠዓሊው ጎጋንና የዘፋኙ ዣክ ብሬል መቃብር አለ። ፋቱ ሂቫ ላይ የኦሞአ መንደር ሴቶች የዛፍ ልጥ በእንጨት እየቀጠቀጡ ታፓ የተባለውን ጨርቅ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ቀለም አለው፤ የዋርካ ዘመድ ከሆነው የሚወጣው ጠቆር ይላል። ያን ድካም ቆሞ አይቶ ዋጋ ቀንሱ የሚል መንገደኛ ሊያፍር ይገባል። በጥንቶቹ የድንጋይ መቅደሶች ላይ ለፎቶ የሚወጣውም እንዲሁ፤ የአያቶች ቦታ ነው፣ አይረገጥም።

አራኑይ ላይ ቦታ የሚይዝ ሰው ስለ ካቢኑ መስኮት ስፋት ከመጠየቁ በፊት፣ ሌሊት የሚቀመጥበት ክፍት ሰገነት የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቅ።